ጠጠር ለቀማ

ሊዋ ዳርቻ ላይ፣ አሸዋው ሲጀምር፣
ከቴምሩ አጥር ማዶ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር፣
ባባ ኸልፋን በቆርቆሮ አንዲት ክፍል ሠራ፣
ክዳኗ ተንሸራቶ ሰማይ የሚጠራ።
በውስጧ ቴሌስኮፕ፣ ቁመቴን ይበልጣል፤
መጥረግ ነው ሥራዬ፤ አቧራ ይወደዋል።
«ሩቂያ፣ በስሱ ጨርቅ! ሩቂያ፣ ትንፋሽሽን!»

ሩቂያ የፓስፖርቴ ነው። ደላላው የሰጠኝ፣
ከመርሳ እስከ ቦሌ በሚኒባስ ሲወስደኝ፣
«ይሄ ስም ቪዛ አለው» እያለ ያስጠናኝ።

በጥር፣ ጉም አሸዋው ላይ ሲተኛ፣ ዓይኑን ሞራ ሸፈነው።
ምንም አላለም። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋው።
«ቁጭ በይ፣» አለኝ። ስድስት ዓመት ቆሜ በዚያ ቤት
መቀመጥ ያን ሌሊት ጀመርኩት።

አራት ፎቶ የአንድ ቦታ፣ በየግማሽ ሰዓት ልዩነት፣
አንዱ ባንዱ ላይ ብልጭ ሲል፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ሞልቶበት።
«ኮከብ አይነቃነቅም። የሚራመድ ካለ ንገሪኝ፣
ከማርስና ከጁፒተር መሃል የሚዞር ድንጋይ ነው፤ አሳዪኝ።»

እኔ ሰማይ አልተማርኩም። ምስር ግን ለቅሜያለሁ፤
የሰርግ፣ የተዝካር፣ የመቶ ሰው ምስር ሰፌድ ላይ አንጓልያለሁ።
ጠጠር ምስር ይመስላል፤ መልኩም ልኩም ያው፤
ሰፌዱ ሲነቃነቅ ግን አካሄዱ ሌላ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት፣ በቀኝ ጥግ፣ ከሁለት ኮከብ እግር ሥር፣
አንዲት ፈዛዛ ነጥብ ፈቀቅ አለች፣ ሳትቸኩል፣ በቀጥታ መስመር።
«ይቺ ምስር አይደለችም!» በአማርኛ አመለጠኝ።
ትርጉም አልጠየቀም። አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ «ድገሚ» አለኝ።

ላክነው። መልስ መጣ፦ ዓመቱ፣ ሁለት ፊደል፣ ጥቂት ቁጥር።
«ጊዜያዊ ነው፣» አለኝ፣ «መንገዷ እስኪመረመር።»
መታወቂያዬን አወጣሁ፤ አሥራ አምስት አኃዝ። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።
ጊዜያዊ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ አያውቅም።

ዓመታት ሄዱ። ከፀሐይ ጀርባ ጠፋች፣ ተመለሰች፣ ተገኘች።
እሱ ዓይኑን ተቀደደ፣ አየ። እናቴ ሞተች፤ በስልክ ተቀበረች።
በሌላ አገር ሌሎች ሰዎች አዩልን፣
የዙረቷን መንገድ ሰፍረው ላኩልን፦
ፀሐይን አንዴ ለመዞር አራት ዓመት ከመንፈቅ።
በውሌ የእኔ ዙር ሁለት ነው፤ ትኬቱ ግን ይርቅ፣ ይርቅ።

አንድ ማታ ወረቀት ይዞ መጣ። «ቋሚ ቁጥር አገኘች።
ስም የሚያወጣ ያገኛት ነው። ሕግ ግን አለ፦
ከአሥራ ስድስት ፊደል አይብለጥ፤ ለአፍ ይቅለል፤
የድመት ስም አይሆንም፤ የሸቀጥም ክልክል።»
ልጆቹ ስም ደረደሩ፤ የአያት፣ የፈረስ፣ የሞተ ገጣሚ።
እሱ ወደ እኔ ዞረ። «ያየሻት አንቺ ነሽ። ያንቺን እንጻፍ፤ ሩቂያ፣ ስሚ።»

ሩቂያ ማን ናት? ደላላው ከየት አመጣት?
ምናልባት እውነተኛዋን፣ አንዱ ቤት፣ ሌላ ስም ሰጧት።
ለቪዛ ዋሽቻለሁ። ለድንጋይ ግን አቃተኝ።
«ትርንጎ፣» አልኩት፤ «እናቴ ትርንጎ ነው ያለችኝ።»

«ምን ማለት ነው?» በእጄ አሳየሁት፤ ክብ ሊሆን ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ፣
ቆዳው የጎረበጠ ፍሬ፣ ሽታው መርሳ ወንዝ ዳር ያደረ።
«ድንጋዮቹም እንዲያ ናቸው፣» አለኝ፤ «ክብ ለመሆን አቅም ያንሳቸዋል።»
ቆየና፦ «ስንት ዓመት በሰው ስም ጠራሁሽ?»
«አሥራ አንድ ይሆናል።»

በጣቱ ቆጠረ በእነሱ ፊደል፦ ሰባት። እኔ በእኔ፦ አራት።
«አሥራ ሁለት ይተርፋል፣» አልኩት፤ «ይቀመጥላት።»

ዛሬ መታወቂያ ላድስ ሄድኩ። ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ልጅ እግር፦
«ስም?»
«ሩቂያ።»
ማኅተሙን መታ።
ወጣሁ። እኩለ ቀን ነው፤ ሰማዩ እንደተነፋ ዱቄት ነጭ።
በዓይን አትታይም ብሎኛል፤ በሌሊትም ቢሆን።
ይሁን። ለእኔም አዲስ አይደለም።

ማታ ምስር ለቀምኩ። አንድ ጠጠር አገኘሁ፤
አልጣልኩትም።